ለምዕራቡ ግድግዳ የሚሆን ሐረግ

መንዝ ውስጥ ለቤት የሚሆን ቦታ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፀሐይ በየት በኩል ትመታለች የሚለው ነው። የጓሳ ነፋስ ሲነሳ ጋቢ አልፎ፣ ሥጋ አልፎ አጥንት ይነካል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ የቤቱ ምርጥ ቦታ ነው። ሽማግሌ ጀርባውን የሚያስጠጋው እዚያ ነው፣ ገብስ የሚሰጣውም እዚያ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ «ና ፀሐይዋ ጋ አረፍ በል» ይባላል። ፀሐይን የሚሸሽ ሰው አይተን አናውቅም።

ባለቤቴ የዘመሮ ልጅ ነው፤ እኔ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነኝ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ሁለታችንም በመምህርነት ወደ መርሐቤቴ ቆላ ተመደብን፤ ቀበሌውም የቤት መሥሪያ ቦታ ሰጠን። ቤቱን ስንሠራ ክረምት ነበር። ሰማዩ ዳምኗል፣ አየሩ ለስለስ ብሏል። «ቆላ ቆላ የሚሉት ይሄን ነው እንዴ?» እያልን እንስቅ ነበር። ባለቤቴ የመኝታ ቤቱን መስኮት ወደ ምዕራብ ከፈተው። ጭቃ የሚመርጉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው «ኧረ መምህር፣ በዚያ በኩል እንኳ ቢቀርብዎ» ቢለው «ግዴለም፣ እኔ ፀሐይ እወዳለሁ» አለ። የመንዝ ሰው ነውና ሌላ ምን ይበል?

ሚያዝያ ሲገባ ጉዱ ፈላ። ከቀትር ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይዋ ያንን ግድግዳ አትለቀውም። እጅ አያስነካም። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፤ መሸት ብሎ ውጭው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ መትፋት ይጀምራል። ቆላ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በዚያው ሚያዝያ፣ በዚያችው ክፍል ነው። ወንድ ነበር። እናቴ ልታርሰኝ ከመንዝ ወረደች፤ አገሯ የምታውቀውንም አደረገች። መስኮቱን ዘጋች። በሩ ላይ ጋቢ ጋረደች። ከደጅ የመጣ ሰው ሁሉ ሳሎን ተቀምጦ የያዘው ፀሐይ እስኪለቀው ድረስ ወደ እኔ እንዳይገባ ከለከለች፤ ፀሐይ ይዞ የመጣ ሰው ከገባባቸው አራስንም ሕፃንንም ምች ይመታቸዋል ትላለች። ባለቤቴን ሳይቀር እንደ እንግዳ ሳሎን ታስቀምጠው ነበር። ይህ ሁሉ መንዝ ላይ ልጅ ያድናል፤ እኔንም ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። ቆላ ላይ ግን፣ ከዚያ ግድግዳ ሥር፣ ልጄ ተቃጠለ። መጀመሪያ ሰውነቱ ሞቀ፣ ቀጥሎ ጡት እንቢ አለ፣ ቀጥሎ ማልቀሱንም ተወ። ጤና ጣቢያ ስናደርሰው «ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?» አሉን። ክርስትና ሳይነሳ፣ ስም ሳይወጣለት ሄደ።

እናቴ «ምች ነው» አለች። ጎረቤቱ «ዓይን ነው» አለ። እኔ በሆዴ «ግድግዳው ነው» አልኩ። ባለቤቴ ምንም አላለም። ብቻ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በጓሮ ዞሮ መዳፉን ግድግዳው ላይ ያደርግና እንደተቃጠለ ሰው መልሶ ይነጥቃታል። ሁልጊዜ። ሳየው አንጀቴ ቅጥል ይላል፤ አዝኜለት ይሁን ጠልቼው አላውቅም። እኔ በጎረቤት ዶሮ እንኳ የምጮህ ሴት ነኝ። ለእሱ ግን ዝም አልኩት፤ ዝምታዬ ከጩኸቴ ይልቅ እንደሚጎዳው አውቅ ነበር።

በሚቀጥለው መስከረም እርጉዝ መሆኔን አወቅሁ። በጣቴ ስቆጥር መውለጃዬ የት አረፈ? ሚያዝያ! ደግሞ ሚያዝያ! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ተነሳሁና እንባዬን ጠረግሁ። ይህን ልጅ ለክርስትናው ካላደረስኩት ሌላ የምይዘው ልብ እንደሌለኝ አውቄዋለሁ።

እናቴ «ወደ እኔ ውጪና እዚህ ውለጂ» ብላ ላከችብኝ። ወጥቼ ብወልድስ? መመለሴ የት ይቀራል? ልጄን ታቅፌ ስወርድ ግድግዳው እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። አልጋውን ሳሎን እንዳናወጣው ሳሎኑ መንገድ ዳር ነው፤ አራስ በአላፊ አግዳሚ ዓይን ሥር አትተኛም። በሌላኛው ወገን የጎረቤት ግድግዳ ገጥሞናል። መስኮቱን እንድፈነው ቢባል የሚግለው ግድግዳው ራሱ ነው። ባለቤቴ ሰሌን ገዝቶ ውጭውን አለበሰው፤ ነፋሱ በማግሥቱ ገንጥሎ የሰው ጓሮ ወሰደው። ሰሌኑን አጥር ለአጥር ሲያሳድድ ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰሌኑን ጠቅልለው የመለሱልን ከኋላችን የሚኖሩ የአገሩ ተወላጅ አሮጊት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩና «ሐረግ አልብሱት እንጂ የኔ ልጆች» አሉ። «እዚህ አገር በምዕራብ በኩል ያለ ግድግዳ ራቁቱን አይቆምም።»

«ምን ዓይነት ሐረግ?» አልኳቸው።

«እሱን እንግዲህ ምረጡ» አሉና ሄዱ። ሲናገሩት ቀላል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለ ሐረግ ወሬ የለንም። ለሚያዝያ መድረስ አለበት፤ በጋውን ሙሉ ቅጠሉ መርገፍ የለበትም፤ መስኮቱ ቢከፈት ፀሐይም የሰው ዓይንም የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት። ቅልን አሰብኩ፤ እያዩት ያድጋል። ግን ክረምቱ ከወጣ በኋላ ደርቆ ገመድ ይሆናል፤ በሚያዝያ ደረቅ ቅል ታቅፌ ልቀመጥ ነው? ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰው ቦገንቪሊያ አሳየኝ። ሙቀት ይወዳል፣ አበባው ዓይን ይስባል። «መቼ ግድግዳ ይሞላል?» ብዬ ብጠይቀው «በሁለት በሦስት ዓመት» አለኝ። ወንድሜ፣ እኔ ሦስት ዓመት የለኝም! ጥግ ላይ ግን ቅጠሉ እንደ ጣት የተከፈለ፣ ዘንጉን ሁሉ በቀጭን ጅማት የሚጠመጥም ችግኝ አየሁ። «ፓሽን ነው፣ ፍሬው ለጭማቂ ይሆናል» አለኝ። ቶሎ ያድጋል? ያድጋል። በበጋ ቅጠሉ ይረግፋል? አይረግፍም፤ ውኃ ካላገኘ ግን ምንም አይሆንልሽም አለኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የወይን ቁራጭ ይዞ ጠበቀኝ። ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎታል። «ወይን እንትከል» አለኝ፤ «ደግሞም የተባረከ ተክል ነው።»

«ወይን በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል» አልኩት።

«ሁሉም አይደለም፣ አንዳንዱ…»

«አንዳንዱ! በአንዳንዱ ልጄን ላስይዝ?»

«እኔ እኮ ሳስበው…»

«አንተ አታስብ!» አልኩት። «አንድ ጊዜ መርጠህልናል። ይበቃናል።»

አለቀ። ስንት ወር በጥርሴ ይዤው የኖርኩት ቃል ወጣ። ፊቱ አመድ መሰለ። አንገቱን ደፋ፣ የወይኑን ቁራጭ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ቢቆጣ፣ ቢጮህብኝ በወደድኩ። ወጣና የጓሮውን መሬት መቆፈር ጀመረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ሐረጉ አንዲት ሐሳብ አልሰጠኝም፤ ትከል ያልኩትን ተከለ፣ እዚህ ያልኩትን እዚያ አላለም። እንዲህ ዓይነት ታዛዥነት ከጠብ ይከብዳል።

ፓሽኑን ልንተክል ስንል እትዬ አጥር ማዶ ሆነው «ተው ተው! ግድግዳውን እንዳታስነኩት» አሉ። ሐረጉ የጭቃ ግድግዳ ላይ ከወጣ ምስጥ በሥሩ ተሸሽጎ አብሮት ይወጣል፤ እንጨቱን ከውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባለቤቴ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቆ የጽድ ቋሚ ተከለ፣ ግርጌው ላይ አመድ ነሰነሰ፣ አግዳሚ ቀርከሃ አሰረበት። በሐረጉና በግድግዳው መካከል ሰው በጎኑ ሆኖ የሚያልፍበት ቦታ ቀረ። «ነፋስ እንዲያልፍበት» አሉ እትዬ።

ሐረጉ ያዘ። በኅዳር ወገቤ ደረሰ፣ በጥር መስኮቱን ነካ። ሆዴና ሐረጉ እኩል ያድጉ ነበር፤ ሁለቱንም በየጠዋቱ እዳስሳለሁ። የካቲት ሲያልቅ ግን የሰፈሩ ቦኖ ውኃ ማቋረጥ ጀመረ። አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል። ሰው ጀሪካን ደርድሮ ሲውል እኔ ቅጠል አጠጣለሁ፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች እየሰማሁ «መምህርቷ ውኃውን ለአረም ታፈሳለች» ይባባላሉ። ደሜ ፈላ። ዞሬ «አረሙን የምተክለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ!» አልኩ። ያውቃሉ። አንዷ ከጀሪካኗ ቀንሳ ልትሰጠኝ ስትል ደግሞ አፈርኩና እንቢ አልኩ።

ቅጠሉ ከታች መወየብ ጀመረ። ከሥር ያሉት ረገፉ፤ በቀዳዳው ፀሐይ ገብታ ግድግዳው ላይ ስታርፍ አየሁ። በዚያ ሰሞን ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ጀመረ። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ከትምህርት በፊት አህያ ተውሶ ወንዝ ወርዶ ውኃ ጭኖ ይመለሳል፤ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ይሄዳል። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መውጣቱ ደም ያስተፋል። ውኃውን ሥሩ ላይ ያፈስሳል፣ ባዶውን ጀሪካን ይሰቅላል፣ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አይነጋገርም። መዳፉን ግድግዳው ላይ ማድረጉንም ትቷል።

በመጋቢት መጨረሻ፣ የረገፈው ቦታ መልሶ ቅጠል ሲለብስ፣ እናቴ ወረደች። ከአውቶቡስ ስትወርድ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በደረቷ ይዛለች፤ ሥር ነው፣ ሐረግሬሳ። እኛ አገር ምች የመታው ሰው በቅጠሉ ይታጠናል። «ምች የሚያባርር ሐረግ እያለ» አለች ፓሽኑን በዓይኗ ገላምጣ፣ «ይሄን የፈረንጅ ቅጠል ምን አስተከላችሁ?»

«እማዬ፣ ጥላ ነው የፈለግነው።»

«ጥላስ ጥላ ነው። ምቹን ማን ይመልሰዋል?» ብላ መስኮቱ ሥር በእጇ ጭራ ተከለችው። የባለቤቴን የወንዝ ውኃ ለእሱ እየቀነሰች ታጠጣለች። ያን ሁሉ ውኃ ጠጥቶ አንድ ክር የመሰለ ሐረግ ወጣ፤ አራት አምስት ቅጠል ይዞ በፓሽኑ ላይ ተጠመጠመ። «አየሽው፣ ሲወጣ!» ትለኛለች። በዚያ ጭንቅ ውስጥ አንድ የሳቅሁት በዚያ ነው።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምጥ መጣ። እናቴና እትዬ «ማርያም ማርያም» እያሉ ደገፉኝ። ሴት ልጅ። እናቴ ሦስት ጊዜ እልል አለችና ልጅቷን አልብሳ፣ እኔን ሸፋፍና፣ ቀጥታ ሄዳ ምን አደረገች? መስኮቱን ዘጋችው። በሩ ላይም ያችኑ ጋቢ ጋረደች። ባለቤቴ ውኃ ጭኖ ሲመለስ ሳሎን አስቀመጠችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለኝ ከጋቢው ማዶ። «ማርያም ታኑርህ» አልኩት።

ለጥቂት ቀናት ደህና ነበርን። ከዚያ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ልጅቷን ሳቅፋት ሞቀችኝ። ግንባሯን ዳሰስኩ፣ አንገቷን ዳሰስኩ። ጡቴን ሰጠኋት፤ ፊቷን አዞረች። ደግሜ ሰጠኋት፤ አሁንም አዞረች። ይህን አውቀዋለሁ። በስመ አብ፣ ይህን አውቀዋለሁ!

«እማዬ፣ መስኮቱን ክፈቺው።»

«በዚህ ፀሐይ? ታብጃለሽ እንዴ?»

«ክፈቺው አልኩሽ! ልጄ ትሞታለች!»

«አፍሽን ዝጊ፣ ሟርት አታውሪ! አራስ ነሽ። ነፋሱስ? ምቹስ?» እሷም የልጅቷን መንገብገብ አይታለች፤ ፈርታለች፤ ስትፈራ ደግሞ የምታውቀው መዝጋት ብቻ ነው።

አንድ ቃል አፌ ላይ ደረሰ። በፊተኛው ልጄ ላይም የዘጋሽው አንቺ ነሽ የሚል። ምላሴ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የዚያ ወይን ይዞ የቆመ ሰው ፊት ትዝ አለኝ፤ ዋጥኩት። እንዴት እንደዋጥኩት እግዜር ያውቃል።

«እማዬ» አልኳት፣ «እጅሽን ግድግዳው ላይ አድርጊልኝ። ሌላ አልለምንሽም።»

አየችኝ። ሄደችና መስኮቱ አጠገብ መዳፏን ለጠፈች። ትነጥቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልነጠቀችም። ሌላኛውን እጇንም ጨመረች። ያ ሰዓት የፊተኛው ልጄ የተቃጠለበት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ በምዕራብ ፊት ለፊት ቆማለች፤ ግድግዳው ግን ቀዝቃዛ ነበር። የሚያፍነን እኛው የዘጋነው አየር ነው።

እናቴ እጇን ሳታነሳ ብዙ ቆየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አልሰማሁትም። ከዚያ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ሳበችው። መስኮቱ ወደ ውስጥ ሲከፈት ክፍሉን አረንጓዴ ብርሃን ሞላው፤ ፀሐይ በአንዲት ቀዳዳ እንኳ አልገባችም። ነፋሱ በሐረጉና በግድግዳው መሐል እየተሳበ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ገባ። እናቴ ልጅቷን ከእቅፌ ወስዳ ልብሷን አላላች፣ መስኮቱ ፊት ያዘቻትና በነጠላዋ ጫፍ ታራግብላት ጀመር። እያለቀሰች ነበር። «ለዚያኛውም…» አለችና አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳት።

ስንት እንደቆየን አላውቅም። ልጅቷ መጀመሪያ አዛጋች፣ ቀጥሎ በአፏ መፈለግ ጀመረች። ጡቴን ስሰጣት እየጎተተች፣ እየመጠጠች ጠባች። «እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» አልኩ፤ ምን እንዳልኩም እንጃ። እናቴ ዓይኗን ጠረገችና፣ ከመከፋቷ ስትመለስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ኮስተር ብላ፣ «በሐረግሬሳው በኩል ነው የከፈትኩት» አለችኝ። አራቱን ቅጠል አየሁና «አዎ እማዬ» አልኳት።

ያን ጊዜ ከውጭ የአህያዋ ኮቴ ተሰማ። ባለቤቴ ነው። ውኃውን ሥሩ ላይ ሲያፈስስ ሰማነው። መስኮቱ መከፈቱን ያየው ቀና ሲል ነው መሰለኝ፤ ጀሪካኑ ከእጁ ወደቀ። ያንን የአንድ ክንድ ክፍተት በጎኑ ገብቶ፣ በቅጠሉና በግድግዳው መሐል እየተሳበ መጣ። መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ ቆመና መዳፉን ግድግዳው ላይ አደረገ። እንደ ድሮው ይነጥቃታል ብዬ አየሁት። አልነጠቃትም። ግንባሩንም ጨምሮ አስደገፈ።

«ወደ ፀሐይ የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። ስንት ወር ሙሉ ያልተናገረው ነው። «ነገሩኝ፤ አልሰማሁም።»

ልጅቷ እየጠባች ነው። ቁጣዬን ፈለግሁት፤ የት እንደሄደ አጣሁት። «ና ግባ» አልኩት። «ና ልጅህን እያት።»

ግራ ገብቶት እናቴን አያት። ከተወለደች ጀምሮ ከጋቢው አልፎ አያውቅም፤ ፀሐይ ይዞ ነዋ የሚመጣው። እኔም እናቴን አየኋት። ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፣ ጋቢውን ሰብስባ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

«ግባ ልጄ» አለችው፣ «በጥላ ነው የመጣኸው።»

ዞሮ በበሩ ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷን ከእጄ ሲቀበለኝ መዳፉ ቀዝቃዛ ነበር።